አጥንት ያለው ውሃ

የምኖርበት ሕንፃ ኮሪደር በሳምንት አንድ ቀን በኮምጣጤ ይወለወላል። አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ የሱቁ መድኃኒት እጇን እያሳከከ ስላስቸገራት ኮምጣጤ በውሃ በጥብጣ በባልዲ ይዛ ትመጣለች። ጎረቤቶቼ ሽታውን አልወደዱትም፤ ለማኔጀሩ አቤት ብለዋል። እኔ ግን በዚያን ቀን በሬን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ሰፈር አንድ ነገር ለአንድ ሰው ከነገሩ፣ ወሬው ከኦሎምፒክ ጎዳና ተነስቶ ፒኮ ጎዳና እስኪደርስ የትራፊክ መብራቱ እንኳ አይቀየርም።

ለእኔ የኮምጣጤ ሽታ ባሕር ነው። ሌላው ሰው ባሕርን በጨው ወይም በዓሣ ሽታ ያውቀው ይሆናል፤ እኔ ያወቅሁት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ቀይ አምፖል የበራበት፣ መስኮቱ በጥቁር የቆሻሻ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ገንዳው ላይ ሳንቃ ተጋድሞ ሦስት የፕላስቲክ ሳሕን የተደረደረበት መታጠቢያ ቤት። የመካከለኛው ሳሕን ፈሳሽ ልክ እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ባዶ ነጭ የፎቶ ወረቀት በመጀመሪያው ሳሕን ይነከራል፤ ትንሽ ይጠበቃል። ከዚያ ከምንም ውስጥ መጀመሪያ ድንጋይ ይመጣል። ከድንጋዩ ቀጥሎ ባሕር ይመጣል። ያንን ሲመጣ ያየ ሰው ቶሎ አይድንም።

ጊዜው ፌርፋክስ ጎዳና ገና የእኛ የሀበሾቹ ያልሆነበት ነው። ዛሬ የአገራችን ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የተተከለበት ማዕዘን ላይ ያኔ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ከጎኑ ጠዋት ጠዋት የቀረፋ ሽታ የሚለቅ ዳቦ ቤት፣ ከዚያ ማዶ አሮጌ ፒያኖ የሚሸጥ ሱቅ ነበሩ። የእኛ የሚባል ምግብ ቤት አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ በርበሬ ያለው ሰው እንደ ሀብታም ይታይ ነበር። ቤንዚን ጋሎኑ አንድ ዶላር አይሞላም። አንድ ዶላር ይዞ ዳቦ ቤቱ የገባ ሰው ሁለት የቀረፋ ዳቦ ይዞ፣ መልስ ተቀብሎ ይወጣ ነበር። ሴቶቹ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ የተሰፋበት ጃኬት እንለብሳለን፤ ወንዶቹ ጸጉራቸውን በቅባት አርሰው ስለሚያጠቀልሉት የሁሉም ቤት ሶፋ መደገፊያ ላይ የቅባት ክብ ነበረበት። እኔ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ውስጥ መኪና ማቆሚያ መግቢያው ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። ብርቅነሽ፣ ብርቄ የምንላት፣ አብራኝ ትኖር ነበር፤ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። በአራት ዓመት ታንሰኛለች። «እህቴ» ትለኛለች። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ «እህቴ» ሲለኝ የቦርሳዬን ዚፕ አያለሁ።

ዳምጠው ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከሦስት ወንዶች ጋር ይኖር ነበር። ሥራው ቶራንስ ከተማ ውስጥ፣ ከነዳጅ ማጣሪያው አጠገብ ያለ ቤንዚን ማደያ ነው፤ ፎቶ አንሺነቱ ደግሞ በሽታው ነው። ቀርፋፋ ሰው ነበር፤ ጥያቄ ጠይቀውት እስኪመልስ ሻይ ይቀዘቅዛል። ቡናማ ኮርዶሮይ ሱሪው ከጉልበቱ በታች በባሕር ጨው ነጥቶ ሁለት ዓይነት ቀለም ነበረው። የእነሱ መታጠቢያ ቤት ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ስለሌለ እሑድ እሑድ ከሰዓት የእኛን እንዲጠቀም ፈቀድኩለት። የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩም አብሬው መሄድ ጀመርኩ። ጎሕ ሳይቀድ እንነሳለን፤ የመኪናው የእኔ በር ከውጭ ስለማይከፈት እሱ ከውስጥ ተንጠራርቶ ይከፍትልኛል። ቴፑ ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቷል፤ አንደኛው ገጽ ብቻ ነው የሚዘፍነው። የቀጠራት ልጅ የቀረችበት ሰው ዘፈን ነበር፤ ፓሎስ ቨርዴስ የሚባለው የባሕር ዳር ገደል ጫፍ ስንደርስ ሁልጊዜ እሷ ሳትመጣ ያልቃል። ከዚያ በእግራችን ወደ ዓለቶቹ እንወርዳለን። ካሜራው ፊት እንደ በያጅ መነጽር የጠቆረ መስታወት ይገጥማል። ብርሃን በዚያ መስታወት በግድ ስለሚያልፍ የካሜራውን ዓይን ከፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዓይኑ ተከፍቶ ሳለ ድንጋዩ አይነቃነቅም፤ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ግን ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ይመጣል፤ ያ ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ፎቶው ላይ ጉም ይመስላል።

ምን ያህል ይጠበቅ? የእጅ ሰዓቱ በዚያ ጨለማ አይታይም። ዳምጠው ግን ዘዴ ነበረው። «እናቴ እንቁላል የምትቀቅለው በአባታችን ሆይ ነው» አለኝ። «ለስላሳ ለፈለገ ትንሽ ጊዜ፣ ጠንካራ ለፈለገ ደጋግማ ትጸልያለች። ሰዓት አይተን አናውቅም።» ስለዚህ በጸሎት እንለካ ጀመር። እሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ማዕበሉ እንዳያነቃንቃቸው የካሜራ ማቆሚያውን እግሮች ይይዛል፤ እኔ ደረቁ ድንጋይ ላይ ቆሜ የካሜራውን ዓይን የምትከፍተውን፣ በገመድ የተንጠለጠለችውን መጫኛ ተጭኜ እጸልያለሁ። አሜን ስል እለቃታለሁ። አንዳንድ ቀን እንቀያየራለን፤ እሱ ይጸልያል፣ እኔን እግሬን ይበርደኛል።

የእሱ ጸሎት እንደ ንግግሩ ነው። እኔ ግን እቸኩላለሁ። እኛ ቤት ስምንት ልጆች ነበርን፤ ምሳ የሚቆረሰው ከጸሎት በኋላ ስለሆነ ቀድሞ አሜን ያለ ቀድሞ ይቆርሳል። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ታዲያ እሱ የጸለየበት ባሕር ወተት ሆኖ ይወጣል፤ እኔ የጸለይኩበት ደግሞ ውሃነቱን ሙሉ በሙሉ አይረሳም፤ የሄደበትና የመጣበት መስመር እንደ ጅማት ይታያል። አንድ እሑድ ቀዩ አምፖል ስር ወረቀቱን በመቆንጠጫ አንስቶ አየው፣ አየው፣ አየው። ከዚያ «ጽጌ፣ ያንቺ ውሃ አጥንት አለው» አለኝ። እጄን አልነካም። እኔ ግን ያንን ይዤ ወራት ኖርኩ። መስታወት ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ቲኬት ሲያቀብለኝ «አጥንት አለው» እያልኩ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ከእኔ በቀር ማንም የሚያደንቀው አልነበረም። አንዱን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ፣ ጥቁር ፍሬም አስገብቶ ከምግብ ቤቶቹ በአንዱ ሰቀለው። የገባው ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ «ማን ሞተ?» ይል ጀመር። እውነትም እኛ ዘንድ በትልቁ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለሟች ነው። «ኧረ ሰው የለበትም!» ሲሏቸው «ሰምጦ ነው?» ብለው ይስቃሉ። ባለቤቱ በሳምንቱ አውርዶ የፏፏቴ ፖስተር ሰቀለበት፣ ባለ ቀለም። ዳምጠው ፎቶውን ብብቱ ስር ሸጉጦ ወጣ። እኔ ነኝ ከኋላው ቀርቼ ባለቤቱን የሰደብኩት። ይህም እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ማልወደው ቦታ እየደረስኩ ነው።

እሑድ ጠዋት ነበር። ብርቄ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። በሩ ተንኳኳ፤ በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። ሦስት ወንድ፣ ሦስት ከረባት። ፊት የቆሙት ጋሼ ታዬ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ለእርቅም ለጋብቻም የሚላኩት እሳቸው ናቸው። ሦስት ወንድ በከረባት እሑድ ጠዋት በር ላይ ከቆመ ምን እንደሆነ ለሀበሻ ሴት አይነገራትም። ዳምጠው ከሳምንት በፊት «ሰው እልካለሁ» ብሎኝ ነበር፤ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ባለ ስፖንጅ ጃኬቴን ለበስኩ፤ ከንፈሬን ቀባሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ወጥቼ ከፈትኩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ታዬ። ደንቡ ነው። አንቱ ብለው ጀመሩ፤ ለወጉ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «የመጣነው ልጅ ልንጠይቅ ነው። ወንድማችን ዳምጠው ሥራ ያለው፣ ከሰው የማይጣላ፣ መጠጥ የማያውቅ ጨዋ ልጅ ነው። አሁን ደግሞ ትዳር አስቦ...»

«እሺ» አልኩ።

ደንቡን አውቃለሁ። ማንም ያውቃል። ሽማግሌ ሲመጣ እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይባላል፤ የተከበረች ልጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታመላልሳለች። እኔ ገና «ትዳር» ሲሉ «እሺ» አልኩ። ጋሼ ታዬ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሳቁ።

«የማንን እጅ እንደምንጠይቅ እንኳ ሳንናገር? እንዲህ ያለ ቸር ቤተሰብ አይቼም አላውቅ!»

«የማንን ነው?»

«የብርቅነሽን ነዋ! እዚህ አገር ከእርስዎ ሌላ ማን አላት? ታላቋ እርስዎ ነዎት፤ አባትም እናትም እርስዎ ነዎት ብለን ነው የመጣነው።»

ወጥ ቤት ውስጥ የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

ነገሩ በኋላ ገባኝ። እኔ ቀዩ አምፖል ስር ወረቀት ስጠብቅ እሷ ከበሩ ውጭ ሻይ ይዛ ትጠብቅ ነበር። ሻዩ ለእሱ ነበር። ለእኔም ትቀዳልኝ ስለነበር አላስተዋልኩም። ያን ቀን ግን ሦስቱን ሰዎች አስቀመጥኩ፤ አስተናገድኩ፤ «እግዚአብሔር ይባርከው» አልኩ። ከንፈሬ እንደተቀባ ነበር። ሰርጋቸው ላይ ሐምራዊ ቀሚስ ለብሼ በሙሽሪት ወገን፣ በእናት ወንበር ተቀመጥኩ። ብርቄ ስለዚያ «እሺ» አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብትስቅብኝ ይቀለኝ ነበር። ዝም አለች፤ ዝምታዋን እንደ ቢላዋ ከትራሷ ስር አስቀምጣ የምትተኛ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቤት ወጣሁ፤ ግን ከሰፈሩ አልወጣሁም። ለምን ልውጣ? ዓመታት ሄዱ። ልብስ ሰፊው ሞተ፤ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ፤ ምግብ ቤቶቻችን ሁለት የነበሩት መንገዱን በሁለት ወገን ሞሉት፤ ሰሌዳው ተተከለ። ብርቄ ሱቅ ከፈተች፤ ሚጥሚጣ፣ ነጠላና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። እኔ በሱቋ በኩል ላለማለፍ መንገዱን እሻገራለሁ፤ ሰው ከጠየቀኝ ያኛው ወገን ጥላ አለው እላለሁ። ጠዋትም ማታም ጥላ አለው። አገባሁ፤ ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ቀበርኩት። የዳምጠው ስም በተነሳ ቁጥር ግንባሬን ቋጥሬ «ማን? ያ ውሃ የሚያነሳው ሰውዬ?» እላለሁ። ይህን ያህል ዓመት ስለው ሰዉ አምኖኝ ነበር። እኔም ልክ ላምን ጥቂት ሲቀረኝ ነው ያ ቅዳሜ የመጣው።

በዚያ ዓመት ደሴ ያለው ወንድሜ ታሞ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ በየሳምንቱ ይጸለይለታል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ዳምጠው ደም ግፊቱ ተነስቶ ሥራ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ገባ የሚል ወሬ ሰማሁ። «ማን? ያ ውሃ የሚያነሳው?» ብዬ አለፍኩት። ቅዳሜ ማለዳ፣ ጸሐይ ገና መስኮቴ ላይ ሳትደርስ፣ በሩ ተንኳኳ። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ እናውቃለን። ሰው ሥራ ሳይሄድ ነው የሚመጣው፤ ተሰብስበው፣ ጥቁር ለብሰው። በቀዳዳው አየሁ። ጋሼ ታዬ፣ አርጅተው፣ ጥቁር ሱፍ በጥቁር ከረባት። ከጎናቸው አንድ የማላውቀው ሰው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። ከኋላቸው ብርቄ፣ ጥቁር ሻርፕ እስከ ግንባሯ ተከናንባ።

በሩን እንኳ በቅጡ አልከፈትኩትም። «ዳምጤ!» ብዬ ጮህኩ። «ዳምጤ! ዳምጤዬን!» ደረቴን መታሁ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። በእነዚያ የባሕር ማለዳዎች እንኳ ዳምጤ ብዬው አላውቅም፤ በልቤ ካልሆነ በቀር። ፊት ለፊት ያለችው ፊሊፒናዊት ጎረቤቴ በሯን ከፍታ ስልኳን ይዛ ወጣች፤ አምቡላንስ ልትጠራልኝ።

«ጽጌ! ጽጌ!» ብርቄ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ኧረ ደህና ነው! ዳምጠው ደህና ነው፤ ታች መኪና ውስጥ ነው!»

«ምን መኪና?»

«ፓርኪንግ አጥተን ማቆም የተከለከለበት ቀይ መስመር ላይ ቆመናል። ቲኬት እንዳይለጥፉብን እሱ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው።»

የእኔ መስኮት ወደ መንገዱ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ጋሼ ታዬ ከረባታቸውን እየነካኩ፣ ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው፣ «እኔማ ከዚህ ወደ ኤርፖርት ነኝ፤ ተሳፋሪ ፒክ አፕ አለኝ» አሉ። እስካሁን ሊሞዚን ይነዳሉ ለካ። «ሶ፣ ጥቁሩ የሥራ ነው፤ ይህም የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የብርቄ ሻርፕ ለብርዱ ነው። በማለዳ የመጣነውም ትንሽ ከረፈደ እዚህ ሰፈር ፓርክ ማድረግ ስለማይቻል ነው። አስደነገጥንሽ። ስለ ወንድምሽ ደግሞ ምንም የሰማነው ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይማረው።»

ወንድሜ። አልጠራሁትም። ዓመት ሙሉ ሲጸለይለት የኖረው ወንድሜ አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ አልወጣም። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር። ጎረቤቴን በእጄ «ኦኬ፣ ኦኬ» ብዬ መለስኳት፤ ተነስቼ ቀሚሴን አራገፍኩ፤ ሌላ ምን ይደረጋል፣ «ግቡ» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ታዬ። ብርቄን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። እሳቸውም እንደ ጥንቱ ከሩቅ ጀመሩ፤ ወንድማችን ዳምጠው እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው። ቀጠሉ፤ ጠበቅሁ። ነገሩ ይህ ነበር፦ የዳምጠው ፎቶዎች ፌርፋክስ ላይ ሊታዩ ነው፤ ያ የልብስ ሰፊው ቤት አሁን የሥዕል ማሳያ ሆኗል። የዳምጠውና የብርቄ ልጅ ሊያ ናት አሮጌውን ፊልም ከሳጥን አውጥታ እንደገና በትልቁ ያሳጠበችው። ከሁሉም የበለጡት ሦስቱ ዳምጠው ውሃ ውስጥ ሆኖ እኔ መጫኛውን የያዝኩባቸው ናቸው። እና ከግርጌያቸው የእኔ ስም እንዲጻፍ ይፈልጋሉ፤ የሱ ብቻ ሳይሆን የእኔ። ስሜ ያለ እኔ ፈቃድ እንዳይጻፍ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት።

ጨረሱ። ሰው የለመደውን ነገር ማድረግ ከባድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ያበላሹትን ነገር በትክክል ማድረግ ነው የሚከብደው።

«እንመካከርበት» አልኩ። «ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ከማን ጋር ነው የምትመካከሪው?» አለች ብርቄ፣ ብቻዬን የምኖርበትን ቤት ዞር ብላ እያየች።

«ከቤተሰብ ጋር።»

«እንዴ፣ ጽጌ፣ ጽሑፉ ፕሪንት ሊደረግ እኮ...»

«ደንቡ ነው» አሉ ጋሼ ታዬ ቶሎ ብለው። «ልክ ናት። ደንቡ ነው። እንመለሳለን።» ሲወጡ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን እርጅና አላውቅም።

በመጋረጃው ስር ቁልቁል አየሁ። መኪናው ቀዩ መስመር ላይ ቆሟል። የፊት ወንበር ላይ አንድ ሸበቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ ወደ መስኮቴ አየ። መጋረጃውን ለቀቅሁት።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው። አስቤዛዬን ቶራንስ ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ ገዛሁ፤ ፌርፋክስ ላይ ላለመታየት። ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ደሴ ደወልኩ፤ ወንድሜ ራሱ ስልኩን አነሳ፤ ድምፁ ቀጥኗል ግን እሱ ነው። «ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለኝ። «ጉንፋን ነው» አልኩት። «በዚያ ሁሉ ጸሐይ?» ብሎ ሳቀብኝ። ስልኩን ስዘጋ ከበፊቱ የባሰ አፈርኩ።

በተከታዩ ቅዳሜ ተመለሱ። በዚህኛው ብርቄ መኪናዋን ስትጠብቅ ወደ ላይ የወጣው ዳምጠው ነበር፤ ደረጃውን ቀስ እያለ፣ መደገፊያውን ይዞ፣ ከጋሼ ታዬ በኋላ። በሩ ላይ ቆመ። ኮርዶሮይ ለብሷል። ሌላ ሱሪ አይሸጥም እንዴ በዚህ አገር!

አየኝ። ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየኝ። ከዚያ «ድምፅሽ አልተለወጠም» አለ።

ከአንገቴ እስከ ጸጉሬ ነደድኩ። «ደም ግፊትህስ እንዴት ነው?» አልኩት።

«እሱ ተለውጧል።»

ጋሼ ታዬ እንዳዲስ ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አላቋረጥኳቸውም። የመጨረሻዋ ቃል ከአፋቸው ወጥታ እስክትወድቅ ጠበቅሁ። ከዚያ «እሺ» አልኩ። ዳምጠው ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ «ስምሽ እንዲጻፍ ያሰብኩት እኔ አይደለሁም፤ ብርቄ ናት ያለችኝ» አለ። ይህን ባይነግረኝ ደስ ባለኝ።

የመክፈቻው ቀን ምሽት ከልብስ ሰፊው ቤት ፊት ለፊት፣ ያ ጥላ አለው የምለው ወገን ላይ፣ ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ ተሻገርኩ። ውስጡ ነጭ ተቀብቷል። ባሕሮቹ ከግድግዳው ይበልጣሉ፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ ጉም፣ ከላይ ዝም ያለ ሰማይ። ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዞራል። እኛ ወገኖች የለመድነውን የሟች ፎቶ እየፈራን፣ ፈረንጆቹ ወይን ይዘው። አንድ የድሮ ሰው፣ ያ ምግብ ቤት ውስጥ ከሳቁት አንዱ፣ «ማን ሞተ?» አለ ጮክ ብሎ። ዳምጠው ከወንበሩ ሳይነሳ «አንተ ነህ እንዴ? ገና አልቀበሩህም?» አለው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ስስቅ ጥርሴን በእጄ ሸፈንኩ።

ስሜ ያለባቸው ሦስቱ መጨረሻው ግድግዳ ላይ ነበሩ። ከሩቅ ነው ያየኋቸው። ብርቄ መጥታ ከጎኔ ቆመች። ሁለታችንም ወደ ፎቶው ነው የምናየው።

«ያን ቀን ሰምቼሻለሁ» አለች። «እሺ ስትይ።»

«አውቃለሁ።»

«ወጥ ቤት ውስጥ ሆኜ፣ ወጥቼ እንቢ ልበል አልኩ። አልወጣሁም። ወድጄው ነበር፣ ምን ላድርግ። በኋላ ባነሳው የማሾፍብሽ ይመስልሻል ብዬ ተውኩት። ግን አንቺም ከቤቴ ወጥተሽ አታውቂም። ጠዋት እንቁላል ስጥድለት ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹በጽጌ አባታችን ሆይ ነው በኔ?› ይላል። ለስላሳውን ሲፈልግ ‹በጽጌ አድርጊልኝ› ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ! እኔ በስንት እንደምጸልይ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።»

ይህን ሁሉ ዘመን መንገድ እየተሻገርኩ የተበደልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ደስ አለኝ ብል እውነት ነው፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ። «ስሜን ለምን አስጻፍሽ ታዲያ?» አልኳት።

«ግድግዳው ላይ ከወጣሽ ከወጥ ቤቴ ትወጪልኝ ይሆናል ብዬ ነዋ።»

ስቃ አልነበረም የተናገረችው። ልመልስላት ስል አንዲት ወጣት ፈረንጅ ሊያን ጠየቀቻት፤ ሊያ ወደ አባቷ፣ አባቷ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «እትዬ ጽጌ፣ ካሜራው ምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደቆየ ነው የምትጠይቀው» አለችኝ ሊያ። «ዳዲ እሷን ጠይቁ አለ።»

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያ ሁሉ የሰፈር ሰው፣ ያ ሁሉ ኮሪደሬ ላይ ምን ብዬ እንደጮህኩ የሰማ ሰው። እንዴት ብዬ ላስረዳ? እጄ ራሱ ገመዱን እንደያዘ ሰው ተጨበጠ። ዓይኔን ጨፍኜ ጮክ ብዬ አባታችን ሆይን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልኩት፤ ጣቴን ለቀቅሁ። ያገሬ ሰው፣ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም፣ በአንድ አፍ አሜን አለ። ፈረንጇ ምን እንደሆነ ሳይገባት አጨበጨበች።

ብርቄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ዛሬም ቸኮልሽ» አለችኝ።

ፊቴ እንደገና ጋለ። ቀና አልኩ። ከስሜ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ውሃው አጥንቱን አሳይቶ ቆሞ ነበር።